ለሁለት ሰው አንድ ኤርፎን

ኤርፎኑ የተበጠሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ።

ለምን ደስ እንዳለኝ ለመናገር መጀመሪያ ስለ ሥራችን ማውራት አለብኝ። ያኔ ቡራዩ ዳር፣ ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ ጎን፣ ቦሎቄ በሚለቀምበት መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ግራና ቀኝ ሴቶች ተደርድረን እንቀመጣለን፤ ጠጠሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን ከደህናው እንለያለን። ጥግ ላይ ማበጠሪያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። አቧራው ሌላ ነው። ማታ ቤታችን ገብተን ስንናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነው፤ ከጥፍራችን ሥር ያለውን እድፍ ሳሙና ቢሉት እንዶድ ቢሉት ንቅንቅ አይልም። ሽንት ቤቱን አላወራም፤ ምግብ የበላችሁ ትኖራላችሁ።

የዚህ ሁሉ ማስረሻ ዘፈን ነበር። ዘፈኑም ግን ደንብ ነበረው። ድሮ፣ እኔ ሳልቀጠር፣ አንዲት ሴት ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና ስታዳምጥ፣ ኩንታል የተሸከመ ሰው "አሳልፉ" እያለ ሲመጣ ሳትሰማው ተጋጭተው እግሯ ተሰበረ አሉ። ከዚያ ወዲህ ካቦው፣ አለቃችን ማለት ነው፣ አንድ ጆሮ ለሥራ፣ አንድ ጆሮ ለዘፈን ብሎ ደነገገ። ሁለቱንም የደፈነች ትሰናበታለች። ጆሮዋ የደከመማ ጭራሽ በበሩ አታልፍም። እንግዲህ ኤርፎን ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛውን ጫፍ ሥራ ፈት አድርጎ አንገት ላይ ማንጠልጠል ብክነት ነው ተባለና ልማድ ሆነ። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሴቶች እኩል አዋጥተው አንድ ኤርፎን ይገዛሉ፤ አንዱ ጫፍ ላንዷ፣ ሌላው ለሌላዋ። የኤርፎን ጓደኛ እንባባላለን። ባልና ሚስት ይፋታል እንጂ የኤርፎን ጓደኛ አይፋታም እያልን እንስቅ ነበር።

የእኔ የኤርፎን ጓደኛ አዴ ነበሩ። መጋዘኑ በሙሉ አዴ ነው የሚላቸው፤ እኛ ወይዘሮ እንደምንለው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። የቡራዩ ሰው ናቸው፤ ድሮ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን የሰው ቪላ ቆሟል። ባላቸውን ግማሽ ጎናቸውን በሽታ ከጣላቸው ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በአዴ ለቀማ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከቆሎአቸው ሳያካፍሉኝ አይቀምሱም። ደግ ናቸው። ነገሬን ሁሉ ያከፋው ይኸው ደግነታቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛ ቀይሬ እገላገላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጆሯቸው ልምጣ። ግራው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰማም። ቀኙ ደግሞ ድምፅ እላዩ ላይ ካልፈሰሰበት አይሰማም፤ በዚያ የማሽን ጫጫታ ውስጥ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ፊት ለፊት የሚያናግራቸውን ሰው ግን ከአፉ ያነባሉ። እሱም ጆሮ ይመግላል። ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጤና ጣቢያ ጠብታ ሰጥተዋቸው ነበር፤ ጠብታው ሲያልቅ ጤና አዳም በዘይት አሙቀው ማንቆርቆር ጀመሩ። ጤና አዳም ለብቻው መልካም ሽታ አለው። ከመግል ጋር ሲደባለቅ ግን፣ ኤዲያ፣ እኔ እስከ ዛሬ ጤና አዳም የገባበት ነገር አልቀምስም። ኤርፎኑን የሚከቱት እንግዲህ እዚያ ጆሮ ውስጥ ነው።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎናቸው በተቀመጥኩ በወሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነገሩኝ።

"ካቦው ካወቀ እኔ አበቃልኝ። ሲጠራን ሽቦዋን ሳብ አድርጊልኝ።"

ሳብ አደርግላቸዋለሁ። ካቦው ለሚዛን ሲጠራን አንድ ጊዜ ሳብ፣ ተሸካሚ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ሳብ። አዴ ቀና ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ ዞር ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ያቺ ሽቦ ከሌለች አዴ እዚያ መጋዘን አንድ ቀን እንደማይቆዩ እኔ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ግን ልንገራችሁ። ማታ ኤርፎኑን ጠቅልዬ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ስከተው ሁለቱ ጫፎች ይጠላለፋሉ። ጠዋት ሳወጣው የሳቸው ጫፍ የኔ ላይ ተለጥፎ አገኘዋለሁ። ተለጥፎ ነው የምላችሁ፣ ደርቆ። በጥፍሬ አላቅቄ በሶፍት እጠርገዋለሁ፣ በአልኮል እደግመዋለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬ ውስጥ እወትፈዋለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው አዴ እንዳያዩኝ ከኩንታሎቹ ጀርባ ተደብቄ ነው። ጆሮዬን ባሳከከኝ ቁጥር በቃ ተላለፈብኝ እላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮዬን ስከፍት ቢጫነቱ ዓይኔ ላይ ይመጣና ክዳኑን መልሼ እገጥማለሁ። እኔ ድሮም ተጸያፊ ነኝ፤ እናቴ "አንቺን ያገባ ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ይኖራታል" ትለኝ ነበር።

ሽቦው ሲጎተት ሲጎተት ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ከሥሩ ተበጠሰ። አዴ የተበጠሰውን ጫፍ እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው አዩት።

"ሰኞስ?" አሉኝ።

"እስከ እሑድ ፈልጌ እገዛለሁ፣ አያስቡ።"

ድርሻቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝና "ሽቦው ጠንካራ ይሁን" አሉ። ስለ ድምፁ ምንም አልጠየቁም።

ያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ቡራዩ ታክሲ ተራ አጠገብ ካሉት ሱቆች ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሻጭ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ የሚቀበላችሁ ሰውዬ ነው። አንዱን ኤርፎን ራሱ አድርጎ ይወዛወዛል። ዋጋው ረከስ ያለ እንዳለው ስጠይቀው ከጆሮው ነቅሎ፣ ሱሪው ላይ፣ ጭኑ ላይ ማለቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ አሽቶ ዘረጋልኝ።

"ሞክሪው፣ ቤዙ ጉድ ነው።"

ጎማዋ ወይባለች። ወንፊቷ ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ኩክ ተጠቅጥቋል።

"ያልተነካ የለህም?"

"እህቴ፣ አዲሱ ከተሞከረ አዲስ መሆኑ ቀረ። ይሄ የመሞከሪያ ነው። ስንቱ ሞክሮት፣ ማንም አልሞተም።"

በሁለት ጣቴ ይዤ መለስኩለት። ቆይ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጎማ ማጋባት ምን የሚሉት ንግድ ነው? ሳይሞክሩ መግዛት ደግሞ አይቻል፤ ግማሹ ገና ቤት ሳይደርሱ አንድ ጫፉ ይሞታል። ሁለተኛው ሱቅ ገባሁ። እሱ ደግሞ የታሸገ ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ አለና ፊቴ ላይ ፕላስቲኩን ቀደደው። ከሽቦው ጋር አብሮ የተጠቀለለ ረጅም ጥቁር የሰው ፀጉር ወጣ። ሁለታችንም ፀጉሩን አየነው።

"የፋብሪካ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ድንቄም ፋብሪካ። ሦስተኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሻጩ በኤርፎን ጫፍ ጆሮውን ሲኮረኩር አየሁትና ሳልገባ አለፍኩ። እጄን እስኪላጥ ብታጠብም ያ ሱሪ ላይ የታሸ ነገር መዳፌ ላይ ያለ እየመሰለኝ ነው ያደርኩት።

እሑድ ሰበታ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ስመለስ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ንጹሕ ሱቅ አየሁ፤ መስታወቱ የተወለወለ፣ ሻጯም ጥፍሯን የቆረጠች። ኤርፎን ስላት ባንኮኒውን በጨርቅ ጠረገች፣ መሞከሪያዋን በአልኮል አሸች፣ ከዚያ ሰጠችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ። አንደኛው ባለሽቦ ነው፤ ሽቦው እንደ ጫማ ማሰሪያ በክር የተጎነጎነ፣ በሬ ቢጎትተው የማይበጠስ። ድምፁም ደህና ነው፣ ዋጋውም ያዋጣነውን አያልፍም። አዴ ሽቦው ጠንካራ ይሁን ያሉት ቁርጥ ይሄንን ነበር። ሁለተኛው ገመድ አልባ፣ በብሉቱዝ የሚሠራ። ትንሽ ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ጉድጓዶች፣ ቀኙ ፍሬ በቀኝ፣ ግራው በግራ ይተኛል።

"ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለሁለት ሰው።"

"እንግዲያ ይሄኛው ይሻላል። ሁሉም የየራሱን ይይዛል፣ አይነካካም።"

አይነካካም። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይሄ ነበር። ሁለቱንም በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ሽቦ ከሌለ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም ብል ውሸት ነው፤ አስቤበታለሁ። ሲጠሩን በክርኔ ነካ አደርጋቸዋለሁ፣ ምን ችግር አለው፣ አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የጎደለውን ከራሴ ጨምሬ ገመድ አልባውን ገዛሁ፣ ታክሲ ውስጥ እስከ ዓለም ገና ድረስ ክዳኑን ስከፍትና ስዘጋ ሄድኩ። ያንን ደስታዬን ዛሬ ሳስበው ከዚያ መግል ይልቅ ይቀፈኛል።

ሰኞ ጠዋት ቀኙን ፍሬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ሥሩን ፈለጉ፣ ጫፉን ፈለጉ።

"ሽቦውስ?"

"ይሄ ዘመናዊ ነው አዴ፣ ሽቦ የለውም።"

"ታዲያ እኔና አንቺ በምን እንገናኛለን?"

"በክርኔ ነካ አደርግዎታለሁ።"

ፍሬውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱት። ዘፈኑ ሲመጣላቸው ፈገግ አሉ፤ ድምፁ ከድሮው የጠራ ነበርና። ስልኩ የኔ ስለሆነ እስከ ምሳ የኔ አማርኛ ነው፣ ከምሳ በኋላ የሳቸው ኦሮምኛ። ያን ዕለት ግን አንገታቸውን እንደ ዶሮ እየሰበቁ ነበር የዋሉት፤ ሁለት ፍሬ ቦሎቄ በለቀሙ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል፣ ካቦውን ያያሉ፣ በሩን ያያሉ። ካቦው የሱሉልታ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሯጭ ነበር ይባላል፤ ጎናችሁ እስኪቆም ድረስ ኮቴው አይሰማም። "አዴ ዛሬ ምን ሆነዋል፣ እጅዎ ተሳሰረ" አላቸው። በለቀማ ሥራ ዓይኑን ከቦሎቄው የነቀለ ሰው ማታ ሚዛን ላይ ያፍራል፣ አዴም አፈሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከተፈታ ኩንታል አፍ ላይ ሲባጎ መዘው መጡ። አንዱን ጫፍ የግራ እጄ አንጓ ላይ አሰሩት፣ ሌላውን የራሳቸው ቀኝ እጅ ላይ፣ የተረፈውን በጠረጴዛው ሥር አሳለፉት።

"ይኸው ሽቦ" አሉኝ።

ከፊታችን የምትቀመጠዋ ሴት አየችንና "ምነው፣ ጥጃ እንዳይጠፋ ነው?" ብላ ሳቀች።

"ኤዬ፣ አዎ፣ እኔ ላሟ ነኝ" አሉ አዴ፣ አፏን አንብበው። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፣ ጥርስ አይከለከልም። ደግሞም ሠራ። ሳብ ሳደርገው ይሰማቸዋል፤ አንገታቸውን አረፍ አድርገው እንደ ድሮው መልቀም ጀመሩ። ማታ ሚዛን ላይ ከሁላችንም በለጡ።

እኔ ግን ሲባጎው ይኮሰኩሰኛል። ይህን እችለው ነበር። ያልቻልኩት እጃቸውን ነው። ጆሯቸው ሲበላቸው በጣታቸው ይነኩታል፣ በዚያው ጣት ሲባጎውን ያስተካክላሉ። በነኩት ቁጥር አያለሁ። አላይም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ፣ ዓይኔ ተመልሶ ይሄዳል። ረቡዕ ማታ በሳቸው በኩል ያለው ጫፍ ወዝቶ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወዙ ከዕለት ዕለት በክሩ ላይ እየተሳበ ወደ እጄ የሚመጣ መሰለኝ። ጤና አዳሙ ከእጄ ይሸተኝ ጀመር፤ አሸትቼዋለሁ፣ እምላለሁ።

ሐሙስ ከሻይ ስንመለስ አዴ ሲባጎውን እንደ ልማዳቸው አሰሩልኝ። ወዲያው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ቋጠሮውን ከአንጓዬ አወለቅኩና ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩት። ለጊዜው ነው አልኩ። እጄ ትንሽ ይረፍ፣ በክርኔ እነካቸዋለሁ አልኩ። አላዩኝም። የምወደው ዘፈን መጣ። ከስንት ቀን በኋላ እጄ ነጻ፣ ጆሮዬ ንጹሕ፤ ምን ልበላችሁ፣ ደላኝ።

"አሳልፉ" የሚለው ድምፅ በክፍቱ ጆሮዬ ገባ። ወንበሬን ይዤ ወደፊት ጠጋ አልኩ። ያደረግኩት ይሄን ብቻ ነው። እንደ ልማዴ እጄን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጌዋለሁ እንኳን፤ እጄ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ተሸካሚው አዴ ይነሳሉ ብሎ ነበር የመጣው። አልተነሱም። ሊያልፋቸው ሲል ጎኑን አዞረ፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመ፣ ኩንታሉ ከትከሻው ወርዶ ፈነዳ። ቦሎቄው እግራችን ሥር ተዘረገፈ። ሰውየው ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ።

አዴ እግራቸውን የነካቸውን ቦሎቄ አዩና ደነገጡ። ምን መጣ ብለው ሲባጎውን ሳብ አደረጉት። ቆዩ፣ እንደገና ሳብ አደረጉት። እኔ ጎናቸው ቆሜአለሁ።

ካቦው ከየት መጣ ሳይባል ከኋላቸው ቆመ። "አዴ" አለ። "አዴ።" ከዚያ ከጭንቅላታቸው ኋላ እጁን አጨበጨበ። ሴቶቹ ሁሉ ለቀማቸውን አቁመው ያያሉ። እንደገና አጨበጨበ። አዴ አልዞሩም፤ ጎንበስ ብለው ሲባጎውን በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይወርዱ ነበር። የጠረጴዛው እግር ጋ ሲደርሱ ቋጠሮውን ዳሰሱት። የኔ ቋጠሮ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ቀና ብለው ባዶ አንጓዬን አዩ። ፊቴን አላዩም።

ካቦው ዞሮ ከፊታቸው ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የጠየቃቸው።

"አዴ፣ ይሰማሉ?"

አፉን አዩት።

"አልሰማም" አሉ።

"ከጎንዎ ያለችውስ? ታውቅ ነበር?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አውቅ ነበር፣ ሁለት ዓመት አውቅ ነበር፣ ዛሬም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። ያወቀች እንደምትባረር ግን አውቃለሁ። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

"እሷ ምኑን ታውቃለች" አሉ አዴ። "ማንም አያውቅም።"

ካቦው አንገቱን ነቀነቀና ሒሳባቸውን ከጽሕፈት ቤት እንዲወስዱ ነገራቸው። አዴ ሲባጎውን ከእጃቸው ላይ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ሳጥኑን አምጪ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሰጠኋቸው። ፍሬውን ከጆሯቸው አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ቀኙ ጉድጓድ ውስጥ እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው አስተኙትና ሳጥኑን መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"የኔን በቦታው አድርጌዋለሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። "ያንቺን አልነካሁትም።"